ከቆጡ አንድ ፍሬ እንዳይወርድ፦ የእማሆይ ወለተ ሐና የሕይወት ታሪክ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም። ከጎረቤላ በላይ በጉም አፋፍ ደብር ቅጽር፣ ዛሬ ኅዳር 25 ቀን 1882 ዓመተ ምሕረት ለቀብር ለተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ይነበብ ዘንድ የሟቿ የወንድም ልጅ ደብተራ ብርሃነ መስቀል ጻፈው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለመኳንንትና ለደብር አለቃ እንጂ ለገበሬ ሴት ተጽፎ አይታወቅም። በዚህ የሚያጉረመርም ካለ ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ያጉረምርም።

እማሆይ ወለተ ሐና፣ በዓለም ስማቸው በሰለች፣ ከአባታቸው ከወልደአረጋይና ከእናታቸው ከለተጊዮርጊስ በነሐሴ መጨረሻ 1823 ዓ.ም. እዚሁ ጉም አፋፍ ተወለዱ። በሰማንያ ቀናቸው፣ በኅዳር ሐና፣ ክርስትና ስለተነሡ ስማቸው በዕለቱ ወጣላቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ወንድማቸው፣ የዚህ ጸሐፊ አባት፣ ከየኔታ እግር ሥር ዳዊት ሲደግም እሳቸው ከእናታቸው ጋር ለዘር የሚሆነውን ገብስ ይለቅሙ ነበር። እናታቸው «ዘር በዓይን ይመረጣል፣ በጥርስ አይደለም» ይሏቸው እንደነበር ደጋግመው ያወሩ ነበር። ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው ዋግ የጀመረውን የገብስ ራስ ከጤነኛው መካከል ነቅሰው ያወጡ ነበር ይባላል። ጸሐፊው ይህን በልጅነቱ ሲሰማ የአክስት ጉራ ይመስለው ነበር።

በ1838 ዓ.ም. ከወልደተንሣኤ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ስድስት ልጆች ወልደው አራቱን በሕፃንነታቸው ቀበሩ፤ ገብረአብና ቦሰና በሕይወት ቀሩላቸው። ወልደተንሣኤ በዚህ አገር የታወቁ የእህል ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ። ግድግዳውን በእበት መርገው፣ በእሳት አድርቀው፣ ዙሪያውን ጭድ አልብሰው፣ አፉን በድንጋይና በጭቃ ሲያሽጉት ገብሱ ሦስት ዓመት ሳይነቅዝ ይከርማል። ከአንኮበር ገደል ጫፍ እስከ ደብረ ብርሃን ሜዳ ድረስ ጉድጓድ የሚያሳሽግ ሁሉ እሳቸውን ያስጠራ ነበር። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ የመጣው ጥፋት የመጣው በዚሁ በሙያቸው ነውና።

በሚያዝያ 1873 ዓ.ም. ከሰሜን የመጣ መንገደኛ ነጋዴ ዝናብ ይዞት «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጃቸው ቆመ። አሳደሩት። ሲነጋ የሚሰጠው ቢያጣ ከስልቻው ሰባት የድንች ፍሬ አውጥቶ እጃቸው ላይ አኖረላቸው። በዚህ መንደር ስሙን የሰማ እንጂ ድንችን በዓይኑ ያየ አልነበረም። ነጋዴው እንዴት እንደሚበላና እንዴት እንደሚተከል ነገራቸው፤ እንዴት እንደሚከርም ግን ሳይነግራቸው መንገዱን ቀጠለ። ሁለቱን ቀቅለው ከቤተሰቡ ጋር ቀመሱ። አምስቱን በሰኔ ከቤቱ ጀርባ አመድ በሚደፋበት መሬት ተከሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ጃርት ቀደማቸው። በሁለተኛው ፍልፈል ከሥር ገባ። አፈር ሸሽቶት ራቁቱን የወጣው ፍሬ ላይ ደግሞ ትል ገብቶበት ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ነጋዴውን ረግሞ ይተወው ነበር። በሰለች ግን የጠፋውን ከማልቀስ ይልቅ አጥፊው በየት በኩል እንደገባ ይመረምሩ ነበር። ለጃርቱ ዙሪያውን የቀጋ እሾህ አጠሩበት፤ የፍልፈሉን መንገድ እየተከተሉ ጭስ ለቀቁበት። ተክሉንም በየሳምንቱ እየኮተኮቱ አፈር አስታቀፉት፤ ፍሬው ካልተገለጠ ትሉ አይደርስበትም። ከገብስ በቀር ሌላ አዝመራ የማያውቀው ጎረቤት ሁሉ «በሰለች ድንጋይ ታሳድጋለች» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

በኅዳር 1876 ዓ.ም. ድንጋዩ አራት ትልልቅ ቅርጫት ሞላ። ወልደተንሣኤ ደስታቸው ወሰን አጣ። የእጃቸውን ሥራ ለሚስታቸው አዝመራ ሊሰጡ ተነሡ። አዲስ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ መረጉ፣ አደረቁ፣ ድንቹን እንደ ገብስ አስገብተው አፉን አሸጉ። በዚህ አገር ለክረምት የሚቀመጥ ነገር ሁሉ የሚገባው ጉድጓድ ነው፤ እኛም ቆመን አይተናል፣ አንድ ሰው እንኳ «ተው» አላለም። በዶማ የተቆረጠውንና እንደ አተር የቀጨጨውን ብቻ፣ ለጉድጓድ አይመጥንም ብለው፣ ከታዛው ሥር ዶሮ የሚሰፍርበት ቆጥ ላይ ወረወሩት።

በግንቦት ለተከላ ጉድጓዱ ሲከፈት ውስጡ ጥቁር አጥሚት ሆኖ ተገኘ። ሽታው ለሁለት ቀን መንደሩን አስለቀሰ። ሬሳ የወጣ መስሏቸው የመጡትን ጎረቤቶች ወልደተንሣኤ «ፍትሐት አይሻም፣ ድንች ነው» ብለው ሲመልሱ ፊታቸው ግን የለቀስተኛ ፊት ነበር። ገብስ የተኛ ነው፣ ድንች ግን ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል፣ ያልበዋል። ባለሙያው ሕይወት ያለውን ነገር በገዛ እጃቸው አፍነው ገደሉት። 

ጸሐፊው የሚደነቀው ከዚህ በኋላ ባለው ነገር ነው። በሰለች አላለቀሱም። ወደ ቆጡ ወጥተው ያ የተጣለው ግርድ ምን እንደሆነ አዩ። ስድስት ወር ሙሉ በታዛው ሥር የብርሃን ጭላንጭል እያገኘው፣ ነፋስ እየነካው፣ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኗል። አልበሰበሰም። በየዓይኑ ላይ አጭርና ወፍራም ጉንቁል አውጥቷል። ወልደተንሣኤ መርዝ ነው፣ ይጣል አሉ። በሰለች አንዱን ነክሰው ቀመሱ፤ እንደ ሬት መረራቸው፤ ተፉት። ከዚያም እንዲህ አሉ፦ «ለአፍ ካልሆነ ለመሬት የተባለ ነው። እግዜር ዘሩን እንዳንበላው አምርሮታል።»

ያንን አንድ እፍኝ ግርድ ተከሉት። ከአምናው ሁሉ በልጦ፣ ግንዱ ወፍሮ በቀለ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሥርዓታቸው ይህ ሆነ፦ ለመብል የሚሆነው በጨለማ፣ ለዘር የሚሆነው በታዛ ብርሃን። ቆጡንም አስረዝመው፣ ፍሬው በፍሬ ላይ ሳይደራረብ አንድ በአንድ እየደረደሩ፣ ከሥሩ የግራዋ ቅጠል አንጥፈው፣ ላዩን የደቀቀ አመድ ይነሰንሱበት ነበር። ዶሮዎቹ ሌላ ማደሪያ ተፈለገላቸው። ጸሐፊው ሠላሳ ዓመት ብራና ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነው፤ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ነገር አንዲት ሴት ከዶሮ ቆጥ ላይ ስታነብ ማየት ግን አልገጠመውም ነበር።

በ1878 ዓ.ም. ከግማሽ መንደር በላይ ከእሳቸው ዘር ወስዶ ድንች ተክሎ ነበር። በነሐሴ ጉሙ አሥራ ሁለት ቀን ሳይገለጥ ቆየ። ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ፤ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ነጭ ሻጋታ ይታይበታል። ሰዉ ምች መታው ብሎ ጠበል ረጨ። በሰለች ግን አንድ ቅጠል ቆርጠው አሸተቱ። የዚያ የጉድጓድ ሽታ ነበር። በሽታው ከቅጠሉ በዝናብ እየታጠበ ወደ ፍሬው ሊወርድ ነው ብለው ወዲያው ማጭድ አነሡ፤ ገና ግማሹ አረንጓዴ የሆነውን የገዛ ማሳቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጨዱት። ያጨዱትንም ተሸክመው ገደል ጣሉት።

መንደሩ አበዱ አለ። የሀገር ሽማግሌው ወልደ ሰንበት ሽማግሎች አስከትለው መጡ። «እኅቴ በሰለች፣ አዝመራን በአረንጓዴው ማጨድ ቁጣ ያመጣል፤ ምን ነካሽ?» ሲሉ፣ «ቁጣውማ መጥቷል አባቴ፤ ደጁን እየዘጋሁበት ነው» ብለው ማጨዳቸውን ቀጠሉ። ሁለት ሳምንት ጠበቁ፤ የፍሬው ልጣጭ ሲጠነክር፣ ፀሐይ በወጣችበት ቀን ቆፈሩ። ሳያጥቡ በጥላ አደረቁ። የተነካውን አንድ በአንድ ለይተው ከቤት ራቅ አድርገው ቀበሩ። የሌላው ሰው ማሳ በመስከረም ሲቆፈር ዶማው ላይ የሚጣበቅ ጭቃ ብቻ ሆነ። በዚያ ዓመት በጉም አፋፍ የድንች ዘር የተረፈው ከአንድ ቤት፣ ከአንድ ቆጥ ላይ ነው። ወልደ ሰንበት በጥምቀት ሰሞን ዘር ሊለምኑ ሲመጡ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ በሰለችም ነገሩን ሳያነሡባቸው ሰጧቸው።

አሁን ወደ ክፉው ዘመን እንመጣለን። በ1881 ዓ.ም. ከጥር ጀምሮ የከብቱ በሽታ ገባ። እስከ ፋሲካ ድረስ በዚህ መንደር አንድ ጥማድ በሬ አልቀረም። የሚያርስ ሲጠፋ እህል ጠፋ፤ በየጉድጓዱ የነበረውም ተበልቶ አለቀ። በሰለች ለመብል የነበራቸውን ድንች ለመጣው ሁሉ ሲሰጡ ከርመው በሚያዝያ ጨረሱት። የቀረው የቆጡ ዘር ብቻ ነበር። ያ ዘር ድንች ብቻ አልነበረም፤ በሬ የሌለው ሰው በዶማ ተክሎ ዓመት ሊሻገርበት የሚችል በዚህ አገር የነበረ አንድ ነገር እሱ ነው። በታዛ ሥር፣ በአደባባይ፣ የተራበ ሰው ሁሉ እያየው ያልፍ ነበር። በር የለውም፤ ቢዘጋበት ብርሃኑን ያጣልና።

ወልደተንሣኤ በሚያዝያ መጨረሻ በራብ ወደቁ። ጸሐፊው ከአልጋቸው አጠገብ ዳዊት ይደግም ስለነበር የሆነውን በጆሮው ሰምቷል። በሰለች ከባላቸው ራስጌ ተቀመጡ። ከዚያም ቆጡ ላይ ካለው ልጣጩ ብዙ አረንጓዴ ያልሆነ ፈልገው፣ ልጠው፣ ደጋግመው ቀቅለው ምሬቱን ያወጡለት እንደሆነ ጠየቋቸው። አርባ ሦስት ዓመት አብረው የኖሩ ሴት ጥያቄ ነበር። ወልደተንሣኤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተይው በሰለች፤ አንድ ጊዜ ዘር አጥፍቻለሁ፤ ሁለተኛ በእኔ አይጥፋ» አሉ። ግንቦት 3 ቀን አረፉ።

ባሏን ዘር ላይ ቁጭ ብላ በራብ ገደለች ተባለ። ይህን ያላችሁ ዛሬ እዚህ ቆማችኋል፤ እኔ ነኝ የሚል እንዲወጣ አይጠየቅም። የሟቹን ቃል በጆሮው የሰማው ጸሐፊ ራሱ፣ ሲባል ሰምቶ ሐሰት ነው ሳይል ቀርቷል። ከዚህም የከፋ አድርጓል። ከቀብሩ በኋላ በመጣው እሑድ፣ ሕዝቡ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ከማኅሌት ሹልክ ብሎ ወጥቶ ቆጡ ላይ ወጣ። ሦስት ፍሬ አውርዶ በጥድፊያ ቀቅሎ በላ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ የበላውን ብቻ ሳይሆን ጠዋት የቀመሳትን ጥቂት ቆሎ ጭምር ከቤቱ ጀርባ ሲያወጣ አክስቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ደረሱበት።

አልጮኹበትም፤ ውኃ ሰጡት። «ስንት በላህ?» ብለው ጠየቁት። ሦስት አላቸው። «እንግዲህ በዚህ አገር ጣዕሙን የሚያውቅ ካንተ በቀር የለም። ከዛሬ ጀምሮ የቆጡ ጠባቂ አንተ ነህ፤ የሚመጣውን ሁሉ ምን እንደሚያገኘው አንተ ትነግረዋለህ» አሉት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉ የለ፤ አንተ ግን ጠምጥመህ ተማርክ።» ጸሐፊው ከሁሉ ነገር ይልቅ በዚህ ይደነቃል። ሌባውን ዘበኛ ያደረጉት ከየዋህነት አልነበረም። የታመመውን ከጤነኛው የሚለይ ዓይናቸው በሰው ላይም ይሠራ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ከቆጡ አንድም ፍሬ አልጠፋም።

በግንቦት መጨረሻ የመንደሩን ሰው ጠሩ። ለሠላሳ አንድ ቤት ሁሉ፣ ያሙአቸውንም ያላሙአቸውንም ሳይለዩ፣ እኩል አካፍለው ዘሩን አወረዱ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በኅዳር ከሚቆፈረው እያንዳንዱ ቤት በመጀመሪያ የዘሩን መርጦ ወደ ቆጥ እንዲያወጣ፣ ከዚያ በኋላ እንዲበላ። የባላቸው አርባ ሲወጣ መነኮሱ። ክረምቱን ሁሉ መቋሚያ ይዘው በየማሳው ሲዞሩ አይታችኋቸዋል። የጠወለገ ተክል ሲያገኙ ከነአፈሩ ያስነቅሉ ነበር፤ ቅጠሉ ሲጠቁር ማጭድ አምጡ ይሉ ነበር። በዚህ ጊዜ አበዱ ያለ ሰው አልነበረም። ራሳቸው የሚበሉት የሳማና የዱር ጎመን ነበር።

በጥቅምት የተራቡ መንገደኞችን ቤታቸው አስጠግተው ሲያስታምሙ ተስቦ ያዛቸው። ልጃቸው ቦሰና ሌት ተቀን አልተለየቻቸውም። ኅዳር ሲገባ ሠላሳ አንዱም ቤት ቆፈረ። ምርቱ ለቤተሰብ እስከ ሰኔ በቁጠባ የሚያደርስ ነው፤ ከዚያ የሚተርፍ የለውም። ግን ሁሉም ቤት ቃሉን ጠበቀ። ብዙው ሰው ቆጥ መሥሪያ እንጨት ስላልነበረው የዘሩን እየተሸከመ ወደ እሳቸው ታዛ አመጣ። ቆጡ ቤቱን ዞሮ አልበቃ ብሎ ገብረአብ በሁለት በኩል ምሰሶ ጨመረበት። እማሆይን ደግፈን ደጅ አወጣናቸው። ቀና ብለው ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱት። ከዚያ በጣታቸው አመለከቱና «ያ ሦስተኛው ተነክቷል፣ አውርዱት» አሉ። ሲወርድ በጀርባው በኩል ብስባሽ ነበረው። ትኩሳቱ ዓይናቸውን አልደፈረውም ነበር።

በማግሥቱ ነፍስ አባታቸውን ቄስ ገብረመንፈስቅዱስን አስጠርተው ተናዘዙ። ልጆቻቸው በአርባቸው ቀን ተዝካር ለማውጣት መሐላ እንደገቡ ሰምተው ነበር። ተዝካር ያልወጣለት ክርስቲያን ነፍሱ እንዴት እንደሚጨነቅ ከሕፃን ጀምሮ የምናውቀው ነው፤ እሳቸውም ይፈሩ ነበር። ለድግስ የሚሆን በዚህ መንደር የቀረ ነገር ደግሞ ዘሩ ብቻ ነው። «ለተዝካሬ ከቆጡ አንድ ፍሬ እንዳይወርድ» አሉ። «ባሌ ያልቀመሰውን ለነፍሴ አላበላም።» ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ «እንግዲህ ተዝካርሽ በሰኔ ነው፤ ዘሩ ሲወርድ እኔው ማሳው ላይ ቆሜ ፍትሐቱን እደግማለሁ» ብለው ቃል ሰጧቸው። እማሆይም እጃቸውን ስመው ተኙ። ኅዳር 24 ቀን 1882 ዓ.ም. ጉሙ ሲገለጥ፣ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

ከኋላቸው ወንድ ልጃቸው ገብረአብ፣ ሴት ልጃቸው ቦሰና፣ አምስት የልጅ ልጆችና ይህ የወንድማቸው ልጅ ቀርተዋል። ዛሬ ጠዋት ከዚህ ቅጽር ሆኖ ወደ ታች የተመለከተ ሰው በሠላሳ አንዱም ቤት ጭስ ሲወጣ አይቷል፤ በቆላውም በደጋውም ጭስ አልባ የቀረውን መንደር ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። የእነዚህን ሠላሳ አንድ ቤት ሰዎችም ከቤተ ዘመድ ቁጠሯቸው።

ሐናን በእርጅናዋ ያሰበ አምላክ እማሆይ ወለተ ሐናን ያስብልን። ራብ ከሌለበት አገር ያሳርፍልን፤ ከወልደተንሣኤም ጋር ያገናኝልን።

እንግዲህ ከቀብር ስትመለሱ ለእዝን ወደ ቤታቸው ትገባላችሁ። እጅ ማስታጠቢያ ውኃ አለ፤ ሌላ የሚቀርብ የለም። የምትቀመጡትም በዚያው ታዛ ሥር ነው። ቀና ብላችሁ እዩት። በሰኔ ሁላችሁም ዶማችሁን ይዛችሁ ለተዝካራቸው ኑ። እስከዚያው ድረስ ጠባቂው ከሥሩ ተቀምጧል፤ ጣዕሙንም ያውቀዋል።